ድርቆሽ ይቀላል ያለህ ማነው? አሮጌ ፒካፕ ይዘህ ለምትጭን

አምና ኅዳር ላይ ነው። ከቦሩ ሜዳ ድርቆሽ ጭኜ፣ ደሴን አልፌ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ጀመርኩ። ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ረዳቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ አየና «ጋሼ፣ ጭነቱ ዘመመ» አለኝ። በስፖኪዮ አየሁ። ሣር እንጂ ሌላ ነገር አይታይም።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ልጁ ዘሎ ጎማው ስር ታኮ ጣለ። ወርጄ ሳይ ጭነቱ በገደሉ በኩል አንድ ክንድ ያህል ወጥቷል። ቦሩ ሜዳ ላይ እንደ ከበሮ ጠፍር ወጥሬ ያሰርኩት ገመድ ልብስ የሚሰጣበት መስሏል። አልተበጠሰም፣ ቋጠሮውም አልተፈታም። ድርቆሹ ነው የሰመጠው። መንገዱ ሲያንገጫግጨው እርስ በርሱ ተጠቅጥቆ ወረደ፣ ገመዱ ረገበ፣ ከዚያ ጭነቱ በየጠመዝማዛው መወዛወዝ ጀመረ። ግማሹን እዚያው መንገድ ዳር አውርደን እንደገና ጫንን። ሁለት ሰዓት ፈጀብን፣ ያለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባ እየነፋብን።

ከዚያ ወዲህ «ድርቆሽ ቀላል ጭነት ነው» የሚለኝን ሰው አልሰማም። በኪሎ ቀላል ነው፣ እውነት ነው። የሚጥልህ ግን በቁመቱ ነው። የእርሻ ማሽን ደግሞ በተቃራኒው፣ ቁመት የለውም፣ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጎዳህ። ሁለቱንም በአሮጌ ፒካፕ ስመላለስ የተማርኩትን ልንገርህ።

መጀመሪያ መኪናዋ

እኔ ያለችኝ ባለ አንድ ጋቢና የድሮ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ መካኒኮች «ስሪ ኤል» የሚሉት። አዲስ ሳለች አንድ ቶን ገደማ እንድትሸከም ነው የተሠራችው፣ 10 ኩንታል ማለት ነው። ያ ግን አዲስ ሳለች ነው። አሁን ሻሲዋ ሁለት ቦታ ተበይዷል። እኔ 7 ኩንታል ላይ አቆማለሁ፣ ሰው የፈለገውን ቢለኝ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከፍታውን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በጉጉፍቱ በኩል ወደ ወረኢሉ ከሄድክ ደግሞ 3,000ንም ታልፋለህ። ስለዚህ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ብትተፋብህ «ሞተሩ አለቀ» ብለህ ጋራዥ አትሩጥ። ነዳጁ በዝቶ አየሩ አንሶ ሊሆን ይችላል። ማርሽ ቀንስ፣ እግርህን ከነዳጁ ላይ ትንሽ አንሳ፣ ቀስ ብለህ ውጣ። ኮምቦልቻ ወርደህም ጭሱ ካልተወህ ያኔ መካኒክ ይየው።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር መውጣት ሳይሆን መውረድ ነው ጣጣው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ውሃ ይስባል። ዓመታት የቆየ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ውስጡ የገባው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ስትረግጥ እግርህ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናዋ ግን አትሰማህም። በየሁለት ዓመቱ አስቀይረው። የጠቆረ ከሆነ ዓመቱን አትቁጠር፣ ዛሬውኑ አስቀይር።

ሌላው ባሌስትራ ነው፣ ከስር ሆኖ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት። ጭነት የሚሠራ ሰው ሁሉ ባሌስትራ ያስጨምራል፣ እኔም አስጨምሬያለሁ። ግን ከመኪናዋ ስር ግባና ተመልከት፣ በብዙዎቹ የድሮ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ አክስል ተነስታ ወደ ሻሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች። ሥራዋ ጭነት ሲበዛ የኋላ ፍሬን በርትቶ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ጭነት መኖሩን የምታውቀው በምን መሰለህ? የመኪናዋ ጭራ ዝቅ ሲል ነው። ባሌስትራ ጨምረህ ጭራዋ አልወርድ ካለ ዘንጓ መኪናዋ ባዶ ይመስላታል። የኋላው ፍሬን ይለግማል፣ ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው ላይ ይወድቃል፣ የፊቱ ቶሎ ይግላል። ይህን እኔ ያወቅሁት ሁለት ጊዜ የፊት ፍሬን ሸራ ከበላሁ በኋላ ነው። ባሌስትራ ስታስጨምር መካኒኩን «ይቺንም አስተካክልልኝ» በለው። ግራ ገብቶት ካየኸው መካኒክ ቀይር።

ጎማ፣ የኋላዎቹን ከመጫንህ በፊት አስነፋቸው፣ ግን ጎኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ አትለፍ። ጎሚስታው «ድርቆሽ ነው፣ ምን አለው» ቢልህም ለክቶ ይንፋልህ። ክሪኩ መኖሩን፣ ከክሪኩ ስር የምታደርገው ጣውላ መኖሩን እይ። ታኮ ሁለት ያዝ፣ ከእንጨት የተጠረበ። ድንጋይ መንገድ ዳር አይጠፋም ብለህ አትመን፣ ስትፈልገው ሁሉም ክብ ነው።

ድርቆሹን ሳትነካ አትጫን

ቦሩ ሜዳ በታሪክ የ1870ው የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገበት ነው። ለእኔ ግን ክረምቱ ሲወጣ የሚታጨድ ሣር ነው። ጥሩው ድርቆሽ ሣሩ ማበብ ሲጀምር የታጨደው ነው። ከዚያ ከዘገየ ግንዱ ይጠነክራል፣ ላሟ ትመርጣለች፣ ግማሹን ትረግጠዋለች። ገበሬው ግን አጫጅ ሲያገኝ ነው የሚያሳጭደው፣ ስለዚህ ያገኘኸውን ትጭናለህ።

የማትደራደርበት ድርቀቱን ነው። አንድ ጭብጥ አንሳና እንደ ገመድ ጠምዝዘው። ቀጭ ቀጭ እያለ ከተሰበረ ደርቋል። ከተጣመመልህና መዳፍህን ካራሰው ገና ነው። ታስሮ ከቆየህ ደግሞ እጅህን እስከ ክርን ወደ መሀሉ ስደድ። ሞቅ ካለህ አትጫነው። ርጥብ ሆኖ የታሰረ ሣር ውስጡ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ስለሚሠሩ ይግላል፣ ይሻግታል፣ አንዳንዴም ራሱን ያቃጥላል። ይህ ተረት አይደለም። ጎተራ ውስጥ ከተከመረ ሳምንታት በኋላ የሚነሳ እሳት ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ጎረቤት ሁሉ «ማን ክብሪት ጫረ» ይላል።

ልቅ ድርቆሽ መጫን ነዳጅ ማቃጠል ነው። ተራራ የሚያህል ጭነህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሦስት ኩንታል አይሞላም። አሳስረው። ማሽን ከሌለ የእንጨት ሳጥን ይበቃል። ላይና ታቹ ክፍት የሆነ፣ አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር የማይሞላ ወርድና ቁመት ያለው ሳጥን ከጣውላ ታሠራለህ። መጀመሪያ ሁለት ሲባጎ ከታች አንጥፈህ ጫፎቻቸውን በሳጥኑ ጠርዝ ወደ ውጭ ታንጠለጥላለህ። ከዚያ ሣሩን በትንሽ በትንሹ እየጨመርክ ልጅ አስገብተህ ታስረግጣለህ። ማዕዘኖቹን በደንብ፣ እዚያ ነው የሚላላው። ሲሞላ ሲባጎውን አጥብቀህ ታስርና ሳጥኑን ወደ ላይ ትመዝዘዋለህ። እስሩ መሬት ላይ ይቀራል። እንደ አረጋገጡ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ሦስቱን መዝን፣ ሌላውን በግምት ቁጠር።

የጭድ ነገር ትንሽ ይለያል። ከቆቦ በኩል የሚመጣው የጤፍ ጭድ ያንሸራትታል፣ ለመደርደርም አይመችም። በጆንያ ወይም በመረብ ካልሆነ እኔ አልጭንም። የማሽላ አገዳ ደግሞ በርዝመቱ በካሶኒው፣ በኋላው መጫኛ ማለቴ ነው፣ ልክ ይተኛ፣ አግድም ከተጫነ የመንገደኛውን ፊት ይገርፋል።

አጫጫን

የካሶኒዬ ርዝመት ከሁለት ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። አንድ ድርድር ስምንት እስር ይይዛል። አምስት ድርድር ቢበዛ 40 ነው። በ15 ኪሎ ብታስበው 6 ኩንታል። ከዚያ በላይ አልሄድም። ኪሎው እኮ ይፈቅድልኛል፣ ቁመቱ ነው የማይፈቅደው።

ባለፈው አንድ አባት ለልጃቸው ላም የሚላክ ድርቆሽ እያስጫኑ፣ «ልጄ፣ ሁለት እስር ብቻ ከላይ ጣል አድርግልኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ ሞልቷል» አልኳቸው።

«ይቺ መኪና ስንቱን ችላ የለ!»

«ስለቻለች ነው እኮ እንዲህ የሆነችው።»

ሳቁና መረቁኝ። ሁለቱ እስሮች ግን ሳላይ ጋቢናው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጫኝና አውራጅ ልጆቹ ናቸው ያወጧቸው። ጭነቱ ሲያልቅ ዞረህ እይ የምልህ ለዚህ ነው።

አደራደሩ እንደ ጡብ ነው። የመጀመሪያውን በርዝመቱ ካስተኛህ ቀጣዩን አግድም አድርግ፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንዳያርፍ። ጠንካራና ከባድ እስሮችን ከታች፣ የላላውን ከላይ። የዳር እስሮች ትንሽ ወደ ውስጥ ጋደል ይበሉ። የላይኛው ድርድር ጠበብ ብሎ መሀል ለመሀል ይሂድ፣ ጣሪያ እንደመሥራት አስበው። ከጋቢናው በላይ አልፎ የፊት መስታወት የሚሸፍን ነገር አይኑር። የኋላ ስፖንዳ ተከፍቶ ተጨማሪ ድርድር የሚጭኑ አሉ። የድሮ መኪና የስፖንዳ ሰንሰለት በዝገት ስለተበላ እኔ አላደርገውም። ሸክሙ ከኋላ አክስል ኋላ በሄደ ቁጥር ደግሞ የፊት ጎማው ይቀልልና መሪው ይፈዛል።

ገመድ። ናይለን ይሻላል፣ ቃጫ ሲረጥብና ሲደርቅ ርዝመቱ ይለዋወጣል። ሦስት ገመድ አግድም፣ አንድ በርዝመት ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ደግሞ መስቀል የሚሠሩ ሁለት። እያንዳንዱን እንዲህ አጥብቀው፦ አንዱን ጫፍ በካሶኒው መንጠቆ ላይ እሰር፣ ገመዱን በጭነቱ ላይ ወርውረህ ወደ ማዶ ሂድ። በደረትህ ልክ ገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ሥራ፣ የተረፈውን በታችኛው መንጠቆ አዙረህ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፈውና ወደ ታች በሙሉ ክብደትህ ተንጠልጠልበት። ጉልበትህ እጥፍ ይሆናል ማለት ይቻላል። ሳትለቅ ቋጥር። ቋጠሮው በአንድ መሳብ የሚፈታ ይሁን፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ታየዋለህ።

አሁን ዋናው ነገር። ከተነሳህ አምስት ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ቁም። ውረድ። ሁሉንም ገመድ እንደገና ጎትት። በእርግጠኝነት ይላላል። ከዚያ ቁልቁለት ከመጀመርህ በፊት አንዴ ድገመው፣ ወደ ኮምቦልቻ ከሆንክ ከደሴ ሳትወጣ ማለት ነው። እኔ ያን ቀን ደሴ ላይ የቆምኩት ለቡና ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካውንም ሳይቀር ጠጥቼ ገመዱን ሳልነካው ተነሳሁ።

እሳትን አትናቅ። ማርሚታውና የጭስ ማውጫው በካሶኒው ስር ነው የሚያልፉት። ተንጠልጥሎ የሚነካቸው አንድ ጭብጥ ሣር ይበቃል። ከመነሳትህ በፊት ተንበርክከህ ስሩን እይ። ጭነቱ ላይ ሰው አይቀመጥ፣ በተለይ ሲጋራ የያዘ። አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ስለታም ቢላ፣ ከቻልክ የእሳት ማጥፊያ ጋቢና ውስጥ ይኑር። ከጀመረህ ነፋሱ ያጠፋዋል ብለህ እንዳትፈጥን፣ ነፋስ ያራግበዋል። ከቤትና ከክምር ራቅ ባለ ሜዳ ላይ ቁም፣ ገመዱን ፍታ ወይም በጥስ፣ ጭነቱን ገፍተህ ጣል፣ መኪናዋን አርቃት። ድርቆሽ ሌላ ዓመት ይበቅላል።

ቁልቁለቱ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን በዚያች መንገድ ብዙ መቶ ሜትር ቁልቁል ትወርዳለህ። በስንተኛ ማርሽ ነው ይህን ዳገት የምትወጣው? በዚያው ውረድ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባ፣ መሀል ላይ ስትቀይር ካምቢዮው እምቢ ቢልህ ባዶ ማርሽ ላይ ትቀራለህ። ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው አይቻለሁ። ያጠራቀመው ነዳጅ የሸራ መግዣ አይሆነውም።

ፍሬኑን ዝም ብለህ ተጭነህ አትቆይ። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱን አውርድ፣ ልቀቅ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ታኮ ጣል፣ ራሱ ይቀዝቅዝ። በጋለ ከበሮ ላይ ውሃ አትድፋ፣ ይሰነጠቃል። ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ሳትገባበት ፍጥነት ቀንስ፣ ውስጡ ሆነህ ፍሬን ስትይዝ ነው ጭነቱ የሚገፋህ። አይሱዙና ሲኖትራክ ከኋላ ሆኖ መብራት ቢያበራብህ አብሽር፣ ዳር ይዘህ አሳልፈው።

ገጠሩ ውስጥ ደግሞ ዋልካ አለ። ጃማ ወይም ገራዶ ሜዳ ላይ ዝናብ ጠብ ካለ የተጫነ ፒካፕ ይዘህ አትግባ። መንገድ ዳር ቁም፣ ድርቆሹ በአህያ ይውጣልህ። በልግ የሚዘንብበት ደጋ ከሆንክ ከየካቲት በፊት ምልልስህን ጨርስ።

ፓምፕ፣ መውቂያ፣ ሞፈር

የውሃ ፓምፕ ቀላል ይመስላል፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ነዳጁን ሳታፈስ ግን አትጫነው፣ ካልሆነም ቆብና ቧንቧውን ዝጋ። ቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ከድርቆሽ ጋር በአንድ ጉዞ አይሄድም። ሁለት ጊዜ መመላለስ ይቆጫል፣ አውቃለሁ።

ባለ ሁለት እግር ትራክተር ወይም መውቂያ ስትጭን ከባዱ ነገር ማውጣቱ ነው። ሁለት ወፍራም ጣውላ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሜትር ገደማ፣ ጫፋቸው በካሶኒው ላይ በገመድ ይታሰር። ሳይታሰር ማሽኑ መሀል ሲደርስ ጣውላው ወደ ኋላ ይሸሻል። በዚህ ምክንያት የአንድ ጓደኛዬ እግር ተሰብሯል። ከዚያ የሚሻል ዘዴ ግን አገራችን ራሷ ሰጥታናለች። መሬቱ እርከን እርከን አይደል? መኪናዋን ከእርከኑ በታች አስጠግተህ ካሶኒው ከላይኛው መሬት ጋር እኩል እንዲሆን አድርግና ማሽኑን ዝም ብለህ ግፋው። ዳገት የለ፣ ጣውላ የለ። ሲወርድም እንደዚያው። ማሽኑ በሞተሩ የሚወጣ ከሆነ በትንሹ ማርሽ፣ አንተ ደግሞ በማሽኑና በጋቢናው መሀል እንዳትቆም። ከተንሸራተተ መውጫ የለህም።

ከባዱ ክፍል፣ ሞተሩ ማለት ነው፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ከኋላ አክስል ወደ ፊት ይረፍ። ከአራት ማዕዘን እሰረው፣ ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ የሚስቡ። ገመዱን በእጀታው ወይም በነዳጅ ታንኩ አታሳልፍ፣ ብረት አካሉን ያዝ። ስሩ አሮጌ ጎማ ወይም ጆንያ ጣል፣ ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል። ጎማ ያለው መውቂያ የምትጎትት ከሆነ የራሱ ፍሬን እንደሌለው አትርሳ፣ ቁልቁለት ላይ እሱ ነው የሚገፋህ። ሐረጎን በዚያ አኳኋን አልወርድም፣ ይቅርብኝ።

ሞፈርና ቀንበር ምንም አይሉም፣ ግን ሞፈሩ ከካሶኒው ወደ ኋላ ይወጣል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር። የብረቱን ማረሻ ንቀለውና ለብቻው አስቀምጠው።

ወረቀቱን ባጭሩ፦ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን። በክፍያ የምትጭን ከሆነ ታርጋህ የንግድ ይሁን። ዋጋ ስትነጋገር ደግሞ በእስር ነው ወይስ በጉዞ፣ ማን ነው የሚጭነው፣ ማን ነው የሚያወርደው፣ ከመነሳትህ በፊት ጨርሰው። ድርቆሹ በር ላይ ከወረደ በኋላ የሚነሳ ክርክር ቡና የሚያልቅበት ነው።

ስታወርድ ከላይ ጀምረህ በሁለቱም ጎን እኩል እኩል አውርድ። አንዱን ጎን ባዶ ካደረግህ ሌላው ራሱ ይወርድብሃል። ከዚያ ካሶኒውን ጥረግ፣ ማርሚታው ላይ የቀረውን ልቀም፣ የራዲያተሩን ፊት በብሩሽ አጽዳ። የሣር ፍሬና ብናኝ እዚያ ይሰገሰግና በሚቀጥለው ዳገት ሞተሩን ያግለዋል። እኔ ስጠርግ የጎረቤቴ በግ ድምፁን ሰምታ ትመጣለች። አሁንማ ገና ሞተሩን ሳጠፋ በሩ ላይ ቆማ አገኛታለሁ።